ሞተሩን ሲጠብቅ የቀረ ጄት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እርስዎ ድሮ ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ቴክኒሺያን እንደነበሩ ከዚሁ ዓምድ አውቃለሁ። ከአጎቴ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም። እኔ የመጀመሪያው ተዋጊ ጄት የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 262 ነው አልኩ። እሳቸው ደግሞ ‹ከእሱ በፊት የሄንከል ጄት ነበረ። ሹሞቹ ንቀው ባይጥሉት ኖሮ ጀርመን ጦርነቱን ታሸንፍ ነበር› አሉኝ። ማናችን ነን ልክ?»

ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

መልስ

ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አጎትህ መጀመሪያ የነገሩህ ልክ ነው። ሁለተኛውን ግን አልቀበላቸውም። ምክንያቴን እነግርሃለሁ፣ ለእሳቸውም አንብብላቸው። የጀርመኑን ታሪክ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አውሮፕላኑ ሄንከል 280 ይባላል። ከንድፉ ጀምሮ ተዋጊ እንዲሆን ታስቦ፣ በጄት ሞተር ብቻ የበረረ የመጀመሪያው አውሮፕላን እሱ ነው። የበረረው በ1941 የጸደይ ወራት ነው። ሜሰርሽሚት 262 በጄት ሞተር ብቻ የተነሳው ጁላይ 18 ቀን 1942 ነው። ከዓመት በላይ ይቀዳደማሉ። አንተም ቢሆን ባዶ እጅህን አልወጣህም። በብዛት ተመርቶ ጦር ውስጥ የገባው ሜሰርሽሚቱ ነው፤ ከ1,400 በላይ ተሠርቷል። የሄንከሉ የሙከራ አውሮፕላኖች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየትኛውም ሙዚየም አንድም የለም።

ኤርንስት ሄንከል የአውሮፕላን ፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ ፋብሪካው ሮስቶክ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ነው። በ1936 ሃንስ ፎን ኦሃይን የሚባል ወጣት የፊዚክስ ምሁር ቀጠረ። ልጁ ውልብልቢት የሌለው ሞተር በጭንቅላቱ ይዞ ነው የመጣው። ሦስት ዓመት ሠሩ። ኦገስት 27 ቀን 1939 ሄንከል 178 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን በኤሪክ ቫርሲትስ አብራሪነት ተነሳች። በዓለም የመጀመሪያው የጄት በረራ ይኸው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግሊዝ ውስጥም ፍራንክ ዊትል የሚባል የአየር ኃይል መኮንን ይህንኑ ሐሳብ በ1930 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር። በ1935 ግን ማሳደሻውን 5 ፓውንድ የሚከፍልለት አጥቶ መብቱ ተቃጠለ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የእሱ ሞተር የተገጠመለት የግሎስተር አውሮፕላን ሜይ 15 ቀን 1941 በረረ፤ ከሄንከል 280 በሳምንታት ዘግይቶ ማለት ነው።

ሄንከል 178 ለጦርነት የምትሆን አልነበረችም። ሞተሩ ሆዷ ውስጥ ነው፤ አንድ ብቻ ነው፤ ጉልበቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሄንከል ሁለት ሞተር በክንፎቹ ሥር የሚይዝ እውነተኛ ተዋጊ አስነደፈ። አካሉ በ1940 አጋማሽ አለቀ። ሞተሩ ግን ገና ነው።

እዚህ ላይ ያደረጉትን በጣም ነው የምወድላቸው። እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሞተሩ ቦታ ክብደት የሚተካ ነገር ጭነው፣ ሄንከል 111 በሚባለው ቦምብ ጣይ አስጎትተው ወደ ሰማይ አወጡት። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1940 ነው። ከፍታ ላይ ሲደርስ አብራሪው ገመዱን ይለቅና ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ሞተሩ እስኪደርስ ድረስ የአውሮፕላኑን ጠባይ አጠኑ። ጥሩ ጠባይ እንዳለውም አወቁ።

ሞተሩ ሲመጣ ነዳጅ ያንጠባጥባል። መሬት ላይ ሲሞከር ነዳጁ ሽፋኑ ውስጥ እየተጠራቀመ አስቸገረ። እሳት እንዳይነሳ ስለሰጉ ሽፋኑን ጭራሽ አወለቁት። ፍሪትዝ ሼፈር የሚባል አብራሪ ሞተሮቹ ራቁታቸውን እንዳሉ ተነሳ፣ ጎማውን ሳያጥፍ ጥቂት ደቂቃ ዞሮ አረፈ። አብራሪው ምን እንደተሰማው እኔ አልናገርም። መሬት ላይ የቀሩት መካኒኮች የተሰማቸውን ግን አውቀዋለሁ። አንተ የነካካኸው ሞተር ሰማይ ላይ ሲሆን ሰው ቢያናግርህ አትሰማም። እስኪያርፍ ጆሮህ እዚያው ነው።

አሁን ስለ ጎማው ልንገርህ፤ ይህ አውሮፕላን የሚገርመኝ በዚህ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ተዋጊ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ያያል። ሁለት ትልልቅ ጎማ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ ጎማ ከጅራቱ ሥር። ለባለውልብልቢት ይህ ችግር የለውም። ውልብልቢቱ የሚወረውረው ነፋስ ጅራቱን ይመታል፤ ስለዚህ ገና በዝግታ ሲሮጥ አብራሪው ጅራቱን ማንሳት ይችላል። ጄት ግን ያንን ነፋስ አይሰጥም። የመጀመሪያው ሜሰርሽሚት 262 የጅራት ጎማ ነበረው። አብራሪው ፍሪትዝ ቬንደል መሪውን ቢገፋም ጅራቱ አልነሳ አለው። በመጨረሻ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ፍሬኑን ነካ ሲያደርግ ጅራቱ ብድግ አለ፣ ተነሳም። እስቲ አስበው፤ ለመብረር ፍሬን መያዝ! ሄንከል 280 ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በአፍንጫው ሥር ጎማ ነበረው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አብራሪው ፊቱን ያያል፣ የሞተሩም እሳት ማኮብኮቢያውን አይለበልብም። ሜሰርሽሚቱም ኋላ ወደዚሁ ዞሯል። ዛሬ ቦሌ የምታያቸው ጄቶች ሁሉ የሚቆሙት እንዲህ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለምን ቀረ? እኔ ዕድሜዬን ሞተር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ከሞተሩ ነው የምጀምረው።

የፎን ኦሃይን ሞተር አየሩን የሚያጭቀው በሚሽከረከር ጎማ መሰል ነገር ነው። አየር በመሐሉ ይገባል፣ ጎማው እያዞረ እንደ እረኛ ወንጭፍ ወደ ዳር ይወረውረዋል። ቀላልና ጠንካራ አሠራር ነው። ችግሩ ወገቡ መስፋቱ ነው። በክንፍ ሥር የሚንጠለጠል ሞተር ደግሞ ቀጠን ማለት አለበት፤ ሲሰፋ አየሩ ይገትተዋል። ፎን ኦሃይን ሞተሩን ለማቅጠን ታገለ፣ በዚያው ጉልበቱ አነሰ። 700 ኪሎ ግራም ግፊት ይሰጣል ተብሎ የታቀደው በ1941 የሰጠው 500 ገደማ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ እኛ ደብረ ዘይት እንጠግነው የነበረው የሚግ 21 ተዋጊ ጄት ሞተር እሳቱ ሲለቀቅ ከ5,000 ኪሎ በላይ ይገፋል።

በሌላ በኩል የዩንከርስ ፋብሪካ ዩሞ 004 የሚባል ሞተር እየሠራ ነበር። እሱ አየሩን የሚያጭቀው በተደረደሩ የላባ ቀለበቶች (ላባ የምንለው ስስ የብረት ምላጭ ነው)፣ ከፊት ወደ ኋላ በቀጥታ ነው። ወገቡ ቀጭን፣ ግፊቱ የተሻለ፤ ግን ረጅምና ከባድ። ሄንከል 280 ደግሞ ለቀላል ሞተር የተነደፈ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በ1942 መንግሥት የፎን ኦሃይንን ሞተር ሥራ አስቆመው። ሄንከል የዩንከርሱን ሞተር አውሮፕላኑ ላይ ገጠመ፤ በረረም፤ ግን በልኩ አልተሰፋለትም። ሌላም ነገር ነበረ። ሁለት ተደርጎ የተሠራው ጅራቱ በከፍተኛ ፍጥነት ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚይዘው ነዳጅ ሩቅ አያስኬደውም። መሣሪያው ሦስት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው፤ ሜሰርሽሚቱ አራት ባለ 30 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ማርች 27 ቀን 1943 የአየር ሚኒስቴሩ ኤርሃርድ ሚልች ፕሮጀክቱ እንዲቆም አዘዘ።

አሁን ወደ አጎትህ ልመለስ። ሹሞቹ ናቁት የሚለው ወሬ የቆየ ነው፤ እውነትም አለበት። ሄንከል 178ን ያዩት ባለሥልጣኖች ብዙም ልባቸው አልተነሳሳም። ሄንከል 280 ግን ኤፕሪል 5 ቀን 1941 ለአየር ኃይሉ የአውሮፕላን ልማትና ግዢ ኃላፊ ለኤርንስት ኡደት ታይቷል፤ ከዚያም በኋላ ሥራው ሁለት ዓመት ቀጥሏል። «በ1941 በብዛት ይመረት» የሚል ትእዛዝ ቢወጣ እንኳ ምን ይገጠምለት ነበር? ነዳጅ የሚያንጠባጥብ፣ ከታቀደው በታች የሚገፋ ሞተር? የዩንከርሱ ሞተር ራሱ በብዛት መመረት የቻለው በ1944 ነው። ያኔም ሙቀት የሚችል ብረት የሚሠራበት ኒኬልና ክሮም ስላጠራቸው በርካሽ ብረት ሠሩት፤ ዕድሜው በአሥርና በሃያ ሰዓት የሚቆጠር ሆነ። የተርባይን፣ ማለትም በትኩሱ ጋዝ ኃይል የሚሽከረከረውን የሞተር ክፍል፣ ላባ የነካ ሰው ይህን ይረዳዋል። ላባው በሚንቀለቀል እሳት መሐል በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየዞረ ቅርጹን መጠበቅ አለበት። ብረቱ ካልቻለ ትእዛዝ አይረዳውም። አጎትህን በዚህ ላይ ጠይቃቸው፤ መልስ ካላቸው ይጻፉልኝ፣ በደስታ አወጣዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በ1931 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር፣ የፋሺስት ጦር በዘረት ዋሻ የተጠለለውን ሕዝብ በመርዝ ጋዝ ፈጅቶታል። የፋሺስት ጣሊያን ወዳጅ የነበረው የናዚ መንግሥት ነው ሄንከል 280ን ይጠብቅ የነበረው። የሄንከል ፋብሪካም ኦራኒየንቡርግ ላይ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግዳጅ አሠርቷል። የመሐንዲሶቹን ብልሃት አደንቃለሁ፤ አስተምርበታለሁም። «ምነው ባሸነፉ» የሚል ነገር ግን ከሸዋ ልጅ አፍ አልጠብቅም። አጎትህም እንደዚያ ለማለት ፈልገው እንዳልሆነ አምናለሁ።

ጥያቄ

«ባለፈው እትም ስለ ተወንጫፊ ወንበር በሁለት መስመር ነክተው አለፉት። እኔ ወንድሜ አብራሪ ነበር፤ በዚያ ወንበር ነው ነፍሱ የተረፈችው። እስከ ዛሬ ወገቡን ያመዋል። መጀመሪያ በዚህ የዳነው ሰው ማነው? ወንበሩስ ወገብ የሚጎዳው ለምንድን ነው?»

ከደብረ ሲና

መልስ

እመቤቴ፣ ወንድምዎን እንኳን አተረፈልን። የሚገርም አጋጣሚ ነው፤ የጥያቄዎ መልስ ከላይ ካለው አውሮፕላን ጋር አንድ ነው።

ሄንከል 280 በአደጋ ጊዜ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ውጭ የሚወረውር፣ በተጨመቀ አየር የሚሠራ ተወንጫፊ ወንበር ነበረው። በጦርነቱ መሐል ከናሙናዎቹ የመጀመሪያው ሌላ ዓይነት ሞተር እንዲሞከርበት ተመረጠ። የራሱ ሞተሮች ወጥተው አርጉስ የሚባሉ ጄቶች ተገጠሙለት። በራሱ መነሳት ስለማይችል ሁለት አውሮፕላኖች ጎትተው አወጡት። አብራሪው ሄልሙት ሼንክ ይባላል። ቀኑ ጃንዋሪ 13 ነው፤ በጀርመን የክረምቱ እምብርት። በረዶ ጣለ። ከፍታ ላይ ሲደርሱ ሼንክ የመጎተቻውን ገመድ ልልቀቅ ቢል ማያያዣው በበረዶ ተጋግሮ እምቢ አለው። ከእነ ገመዱ ማረፍ አይቻልም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የመስታወቱን ክዳን አስወግዶ ወንበሩን ለቀቀው። በጃንጥላው በሰላም ወረደ። አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። በእውነተኛ አደጋ ላይ በተወንጫፊ ወንበር ነፍሱን ያተረፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ፍጥነቱ ነው። በባለውልብልቢት ዘመን አብራሪ ክዳኑን ከፍቶ በእጁ ተደግፎ ይወጣ ነበር። ጄት በሚበርበት ፍጥነት ግን ነፋሱ ሰውየውን ወንበሩ ላይ ይለጥፈዋል፤ ቢወጣም ጅራቱ ይመታዋል። ስለዚህ ከጅራቱ በላይ መወርወር አለበት፤ ያውም ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ። ወገብ የሚጎዳው ይሄ ነው። የሰውነት ክብደት ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ሆኖ አከርካሪ ላይ ያርፋል። በተለይ አንገትና ጀርባ ቀጥ ሳይል ወንበሩ ከተለቀቀ የአከርካሪ አጥንት ይጨፈለቃል። አደጋ ላይ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ጊዜ የት ያገኛል? ወንድምዎ ሐኪም ሲያዩ በወንበር ተወንጭፈው እንደወጡ ይንገሩ። ራጅ ሲነሳ ምን እንደሚፈለግ ሐኪሙ ያውቃል።

እንግሊዞች ማርቲን ቤከር በተባለው ፋብሪካቸው ጁላይ 24 ቀን 1946 በርናርድ ሊንች የተባለ ሠራተኛቸውን በፈንጂ በሚወነጨፍ ወንበር ሰማይ ላይ ሞከሩ። ኋላ ሮኬት ተጨመረበትና ግፊቱ ትንሽ ለዘብ አለ። እኛ ደብረ ዘይት ወንበሩ ላይ ስንሠራ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው የመቆለፊያ ፒኖች ነበሩ። ፒኑ ገብቶ ሳይቆጠር ማንም ሰው ወደ ኮክፒቱ ጭንቅላቱን አያስገባም። አብራሪው ሊነሳ ሲል ደግሞ ፒኖቹን አውጥተን እናሳየዋለን፤ እሱም በዓይኑ ቆጥሮ ይቀበላል። ወንድምዎ ያንን ቀይ ጨርቅ አይረሱትም።

ጥያቄ

«በአገራችን ተሠርቶ፣ በርሮ፣ ግን ያልቀጠለ አውሮፕላን ነበረ? ለተማሪዎቼ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።»

መምህር፣ ከአንኮበር

መልስ

መምህር፣ ነበረ። ጸሐይ ትባላለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ጸሐይ ስም ነው የተጠራችው። ጄት አይደለችም፤ ባለውልብልቢት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ነች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነው ነድፎ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ በረረች። ጠላት ሰሜኑን በቦምብ ሲደበድብ ማለት ነው። ጥቂት ወር ሳይቆይ አዲስ አበባ ተያዘች፤ ጸሐይም ተማርካ ጣሊያን ሄደች። እዚያ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል የአየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ኖረች። ጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ለተማሪዎችዎ ሁለቱን አብረው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። ሄንከል 280ን ያስቀረው ሞተሩ ነው። የጸሐይ ሞተር ደግሞ ተገዝቶ የመጣ፣ የታወቀ ሞተር ነበር፤ እሷን ያስቀረው ወረራው ነው። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን የመሥራት ጊዜ አልተሰጣቸውም። ከቬበር ጋር እንጨቱን የላጉ፣ ጨርቁን የወጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስማቸው አለመነገሩ ሁሌም ይከነክነኛል። ከተማሪዎችዎ ቤተሰብ መሐል አያቱ እዚያ ሥራ ላይ ነበሩ የሚል ሰው ቢገኝ እባክዎ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ

«ያ የሄንከል ጄት ደብረ ብርሃን ላይ ቢሞከር ይነሳ ነበር? የቦታ ከፍታ ለጄት ለውጥ አለው ወይ?»

የመካኒክስ ተማሪ፣ ከእነዋሪ

መልስ

በጣም አለው። ጄት የሚገፋው በሚውጠው አየር ልክ ነው። ሮስቶክ ከባሕር ጠለል እኩል ናት ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ሞተር እያንዳንዱ 500 ኪሎ የሚገፋ ከሆነ፣ እዚህ ድምሩ ከ1,000 ወደ 750 ገደማ ይወርዳል። ክንፉም ስስ አየር ላይ ስለሆነ ለመነሳት የበለጠ መሮጥ አለበት። ጉልበቱ ቀንሶ የሚፈለገው ፍጥነት ደግሞ ጨምሯል። ነዳጁን ሞልቶ፣ መሣሪያውን ይዞ ከዚህ ሜዳ ይነሳል ብዬ አላምንም። ባዶውን፣ በጣም ረጅም ማኮብኮቢያ ላይ፣ በማለዳው ብርድ ከሆነ ምናልባት። ብርድ አየሩን ስለሚያጠግገው ይረዳዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ በብርድ አትታማም።

ዛሬም ቦሌ ላይ ይኸው ሒሳብ ይሠራል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ጭነት የሞላ ጄት ቀን በሙቀት ሲነሳ ማኮብኮቢያውን አስረዝሞ ነው የሚሮጠው፤ የሚጭነውም ክብደት በሙቀቱና በከፍታው ተሰልቶ ይወሰናል። ስሌቱን ራስህ ልትሞክረው ከፈለግህ የአየር ጥግግትን ከከፍታና ከሙቀት ጋር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከመምህርህ ጠይቅ። መጀመሪያ የእነዋሪን አውጣ፣ ከዚያ የሸዋ ሮቢትን። የሁለቱን ልዩነት ላክልኝና በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።